የድሬዳዋው ባቡር ድምፅ ሲሰጠን

ትናንት ከሰዓት፣ ከምመራቸው ወጣት መዘምራን ጋር ለገና ኮንሰርት ስንለማመድ መብራት ጠፋና ኪቦርዱ ዝም አለ። ወጣቶቹ ሊሄዱ የመዝሙር ደብተራቸውን ሲያጥፉ ደሜ ፈላ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በባቡር ሠራተኞች ልጆች መዘምራን ውስጥ ስዘምር፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው አዳራሽ፣ በኮንሰርታችን ቀን ኃላፊው "ግራሶ የነካው እጅ ፒያኖ አይነካም" ብሎ ፒያኖውን ቆለፈብን። መሪያችን ጋሽ ደምሴ የባቡር መካኒክ ነበሩ። "ፒያኖው የእሱ ነው፤ ባቡሩ ግን የእኛ ነው" አሉን። አልገባኝም። ሕዝቡ እያየን ቆመን ጠበቅን። የድሬዳዋው ባቡር ሲደርስ ጡሩንባውን ነፋ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሱ፤ ከጡሩንባው ቃና ተነስተን በአራት ድምፅ ዘመርን። ኃላፊው ቁልፉን እንደጨበጠ እስከ መጨረሻው አዳመጠን።

ያ ባቡር ከቀረ ቆየ። "ያለ ኪቦርድ ከየት እንነሳለን?" አለችኝ አንዷ ልጅ።

"ደብተራችሁን ግለጡ" አልኩና ያንን ጡሩንባ በገዛ ጉሮሮዬ ነፋሁላቸው።