የእማማ ሽታዬ ቅቤና የእኔ የኬሚስትሪ ዲግሪ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሆሳዕና አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እኔና አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ የኬሚስትሪ ዲግሪያችንን ዋጋ እያሰላን ነበር። ደሞዝ ያለቀበት መምህር ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ምን ይሠራል?

«እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ጠብታ ስንቆጥር» አለ ጓደኛዬ፣ «አስረኛ ክፍል የወደቀው የሰፈሬ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ከፈተ። አሁን መጥቶ ፎቅ እየሠራ ነው። ቀለሙ ከምን እንደተሠራ የማውቀው እኔ ነኝ። የሚገዛው እሱ ነው።»

ሳቅን። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቁ አልጣመኝም። አስር ዓመት አስተምሬ ዛሬም ኪራይ ቤት ነው ያለሁት።

ይሄኔ እናቴ ከገጠሩ ቤታችን፣ ከሌሞ ደወለች።

«ያ የተማርከው ነገር... ቅቤ ይመረምራል?»

«ምን?»

«ቅቤ ነዋ! ንጹሕ ይሁን፣ ባዕድ ነገር ይግባበት ይለያል ወይ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ዊጆ አላት። ዊጆን የቅቤ ዕቁብ በሉት፤ የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ ያዋጡና ተራ ለደረሳት ይሰጣሉ። ሰሞኑን ታዲያ የእማማ ሽታዬ ቅቤ አልጥማቸው አለ። አንዷ «ሙዝ አለበት» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ ዱቄት ነው» ትላለች። እማማ ሽታዬ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንዲት ላም ብቻ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ከዊጆ ከተባረሩ የሚቀርባቸው ቅቤው ብቻ አይደለም። እዚያ ሰፈር ከእንግዲህ ቀና ብለው አይሄዱም።

ፋርማሲ ገብቼ አንድ ጠርሙስ አዮዲን ገዛሁ። መጀመሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በጋሪ ሄድኩ። ባለጋሪውን «ቆየኝ፣ አልቆይም» አልኩት።

ስደርስ ሴቶቹ እናቴ ደጅ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ስምንት ሴቶች፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ስምንት ቅቤ። እማማ ሽታዬ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ዳር ላይ ናቸው። (የምናወራው በሀዲይኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የጻፍኩት ለእናንተ ስል ነው።)

«መጀመሪያ ይሄን እዩ» ብዬ ድንች ቆርጬ አዮዲን ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው ጠቆረ።

«ጌታ ሆይ!» አሉ ሴቶቹ። እናቴ ድንቹን ያጠቆረችው እሷ ይመስል ተጀነነች። «ሙዝና ዱቄትም እንደ ድንች ስታርች ስላላቸው፣ ቅቤው ውስጥ ካሉ እንዲሁ ይጠቁራል» አልኩ።

ከዚያ የእማማ ሽታዬን ቅቤ ፈታሁት። ጠብ አደረግኩ... ጠበቅን... አልጠቆረም።

«ሙዝም ዱቄትም የለበትም» አልኩ። «ግን ይሄ አዮዲን...»

ልል የነበረው፣ ግን ይሄ አዮዲን ዘይት አይለይም፤ የሚረጋ ዘይት ገብቶበት ከሆነ አያሳይም፣ ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ቀና ስል እማማ ሽታዬ ያዩኛል። እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል።

ያን እጅ አውቀዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ዓመት ቤታችን የሻንጣ መግዣ እንኳ አልነበረም። የዚያ ሳምንት የዊጆ ተራ የእማማ ሽታዬ ነበር። «የኔ ይቆይ፣ ልጁ ይሂድ» ብለው ቅቤውን እንዳለ ለእናቴ ሰጧት። ሆሳዕና ገበያ ተሸጦ ሻንጣ፣ ጫማና ብርድ ልብስ ተገዛልኝ። የሄድኩ ዕለት ጠዋት ሴቶቹ ተሰብስበው መረቁኝ። እማማ ሽታዬ በዚያ እጃቸው አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል አደረጉብኝ። መኪናው ውስጥ እየቀለጠ በአንገቴ ሲወርድ ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ። ዶርም ስገባ ልጆቹ «ማነው እንዲህ የሚሸተው?» አሉ። ሮጬ ሄጄ በሳሙና አጠብኩት። ሞኝ ነበርኩ። ያ ሽታ አሁን እንዴት እንደሚናፍቀኝ... ተዉት።

«ይሄ አዮዲን ምን?» አለች እናቴ።

«ይሄ አዮዲን... ልብስ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ አይለቅም። ተጠንቀቁ።»

ሴቶቹ «ተመስገን!» ብለው ተነሡ። «ሙዝ አለበት» ያለችው ሴትዮ ቀድማ ሄዳ እማማ ሽታዬን አቅፋ ሳመቻቸው። ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ አለቀሰችም። እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ስወጣ እማማ ሽታዬ እስከ ጋሪው ሊሸኙኝ ተከተሉኝ። ከሴቶቹ ራቅ ስንል ቆሙ።

«ልጄ... ልትለው የነበረው ሌላ ነገር ነው።»

የአዮዲኑን ጠርሙስ ኪሴ ከተትኩ።

«ላሜ ነጠፈች። ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ከቀረችኝ ትንሽ ቅቤ ጋር የሚረጋ ዘይት ቀላቅዬ ነው ያዋጣሁት።» አሁን እንባቸው መጣ። «ላሟ ስትወልድ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ። ለነሱም ራሴ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ግን... ዛሬ አቅም አልነበረኝም።»

«የነጠፈች ቀን ለእናቴ ቢነግሯት ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«መስጠት እንጂ መጠየቅ አልለመድኩማ» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩና ጋሪው ላይ ወጣሁ። ሰባት ሴቶችን፣ የገዛ እናቴን ጨምሮ፣ እንዳታለልኩ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ግማሽ መልስ ሲጽፉልኝ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጣቸው። ያን ቀን ለራሴ ስንት እንደምሰጥ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ባለጋሪው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ምርመራውን ሁሉ ሲከታተል ነበር። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብሎ አየኝ።

«መምህር፣ ለዚህ ሥራ ስንት ከፈሉህ?»

«ቀድመው ነው የከፈሉኝ» አልኩት።