በኋላ ጎማ ላይ የታሰረው መረብ

ወሬው የደረሰኝ ኦዛይ በሚባለው የቤይሩት ባሕር ዳር ሰፈር፣ ቀን ቀን የምጠብቃቸው አሮጊት ቤት በረንዳ ላይ፣ የታጠበ አንሶላ እየዘረጋሁ ሳለ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ከሐዋሳ ደወለ፤ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ «አቤት ታምሩዬ» አልኩት። «እቴቴ፣ እንዳትደነግጪ፤ እማዬ ዛሬ ጠዋት ከሳይክሏ ላይ ወድቃ…» ብሎ ሳይጨርስ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ደግሞ፣ ቤይሩትን የኖረባት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቤቱ ኢንተርኔትም ተከትሎት ይሄዳል። የእኔ ስልክ ካርድ ካለቀበት ሰንብቷል። የሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ የእናቴ አወዳደቅ እንዲሁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መሬትም አልነካ፣ ተነሥቶም አልቆመ። «እንዳትደነግጪ» የሚል ሰው እኮ ድንጋጤውን አስቀድሞ ነው የሚልከው።

አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ ተይታ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ፊቴን አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ። «አላውቅም ተይታ፣ መብራት ሄደ» አልኳቸው። ይህ መልስ ለሌላ አገር ሰው ግራ ነው፤ ለእሳቸው ግን በቂ ነበር። ራሳቸውን ነቅንቀው መቁጠሪያቸውን አነሡ፤ እኔም በልቤ ወደ ጌታዬ ጮኽኩ።

ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከበረንዳው በታች፣ ጀልባዎቹ ተጎትተው በሚወጡበት ጠጠር ላይ፣ ዓሣ አጥማጁ አቡ ሐሰን የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጦ የተበጠሰ መረቡን ይጠግን ነበር፤ ናይለኑን ቆረጠና ጫፉን በላይተር ለበለበው። የተቃጠለ ናይለን ማንም የሚወደው ሽታ አይደለም፤ ተይታ «ሐራም፣ ደረታችንን ሊጨርሰው ነው» እያሉ መስኮታቸውን ይዘጉበታል። እኔ ግን አንሶላውን ትቼ የበረንዳው ብረት ላይ ተደገፍኩና እስከ ሳንባዬ ሥር ሳብኩት፤ የአባቴ እጅ ሽታ ነውና።

አባቴ መረብ ሠሪ ነበር። የራሱ ጀልባ አልነበረውም፤ ጀልባ ላላቸው መረብ ይሠራል፣ ጉማሬ የቀደደባቸውን ይጠግናል፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር ባለው ቤታችን ከመረብ ያመለጠ ነገር አልነበረም፤ የዶሮዎቹ በር መረብ፣ የሽንኩርቱ ከረጢት መረብ፣ የጨርቅ ኳሳችን እንኳ ዙሪያውን በመረብ የተያዘ። እማዬ «እኔንም አንድ ቀን ያጠምደኛል» ስትል፣ እሱ ከሥራው ቀና ሳይል «አራት ልጅ ወልደሽልኝ አሁንም አልተጠመድኩም ነው የምትዪው?» ይላት ነበር።

ብስክሌቱ እጃችን የገባው፣ ከከተማው ዳር እርሻ ፕሮጀክት ላይ ይሠሩ የነበሩ አንዲት ፈረንጅ አገራቸው ሲገቡ፣ አባዬ ለሠራላቸው የመረብ አልጋ ውለታ ትተውልን ስለሄዱ ነው። ከባድ፣ ጥቁር፣ የሴት ብስክሌት። በወንዶቹ ብስክሌት ላይ ከኮርቻው እስከ መሪው የሚጋደመው ብረት በዚህኛው ላይ ወደ ታች የወረደ ስለሆነ፣ እግር አንሥቶ መፈናጠጥ የሚባል ነገር የለም፤ የቤት ደፍ እንደመሻገር ነው፣ ቀሚስ ሳይገለጥ ይገባበታል። መሪው ሰፊና ወደ ነጂው የታጠፈ በመሆኑ፣ የሚነዳው ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ቀጥ ብሎ ግራ ቀኙን እያየ ነው የሚሄደው። አባዬ መጀመሪያ ራሱ ነድቶት ሐይቁ ዳር ብቅ ሲል ዓሣ አጥማጆቹ «ኧረ ጉድ! የሚስትህን ቀሚስስ የት ጣልከው?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁበት፤ እሱም ኸላስ፣ በዚያው ቀን ለባለቤቱ አስረከበ።

እማዬ ዓሣ አንጽታ ከተማው ማዶ ላሉ ምግብ ቤቶች ታደርስ ነበር። ባጃጅ ያልነበረበት ዘመን ነው፤ ፀሐይ ሳይቀድማት ለመድረስ ግማሽ መንገዱን ትሮጥ ነበር። ብስክሌቱ ላይ መፍገምገም ካቆመች በኋላ ግን አባዬ ነገሩን ሁሉ በእሷ ልክ እየቀየረው ሄደ። ካቴናው ቀሚሷን በቅባት እንዳያቆሽሽ የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ሸፈነው። በኋላው መጫኛ ግራና ቀኝ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት አንጠለጠለ፣ ውስጣቸውን በኮባ ቅጠል አለበሰ። ኮርቻውን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፣ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ አደረገው። የሰፈሩ ጎረምሶች «እንዲህ ከሆነማ አይፈጥንም!» ሲሉት፣ «እግርሽ መሬት ካልነካ ብስክሌቱ ያንቺ አይደለም፣ አንቺ ነሽ የእሱ» አለ፤ ለእነሱ መልስ መስጠቱ ሳይሆን ለእሷ መንገሩ ነበር። እውነትም አይፈጥንም። እማዬን የሚቀድሟት እግረኞች ነበሩ፤ ደግሞ የምታውቀው ሰው ባየች ቁጥር አንድ እግሯን አውርዳ፣ የባልን፣ የልጅን፣ የላምን ጤንነት ጠይቃ ነው የምትቀጥለው። ከኋላዋ ደግሞ የዓሣው ሽታ የሳባቸው አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ወፎች፣ ያ ሁሉ ቁመታቸው፣ እንደ ቀብር አጃቢ ተሰልፈው ቀስ እያሉ ይከተሏታል።

እኔ ከኋላ፣ ከቅርጫቶቹ በላይ፣ የታጠፈ ጆንያ ላይ ነበር የምቀመጠው። አንድ ጠዋት እንቅልፍ ወሰደኝና እግሬ ከሚሽከረከረው ጎማ ሽቦ ውስጥ ገባ። ተረከዜ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ እዚህ ቤይሩት፣ ናባዓ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ውስጥ ማታ እግሬን ስታጠብ እጄ ሳያስበው ይነካዋል። አባዬ በዚያ ቀን እማዬንም እኔንም አልተቆጣም። በማግስቱ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ የመረብ መርፌውን ይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ ተቀመጠና ከጭቃ መከላከያው ጠርዝ ጀምሮ እስከ ጎማው እምብርት ድረስ፣ እንደተዘረጋ ማራገቢያ፣ በግራም በቀኝም በአረንጓዴ ናይለን መረብ አለበሰው። እኔን፣ እግሬ በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ አጠገቡ አስቀመጠኝና እንዳላለቅስ ክብሪቱን ሰጠኝ፤ እሱ ቋጥሮ ሲቆርጥ እኔ ጫፉን እለበልባለሁ፣ ናይለኑ ይቀልጥና ይያያዛል። ያን ቀን የተቃጠለው ናይለን ለአንድ ጀልባ ይበቃ ነበር እንጂ፣ እንባዬስ ደርቆልኛል።

መረቡ ለእኔ እግር ነበር የታሰረው፤ የጠቀመው ግን የእናቴን ቀሚስ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ ሊገሥጿት የመጡ ዕለት አስታውሳለሁ።

«እህት አልማዝ፣ እንግዲህ ሴት ልጅ በአደባባይ፣ ያው… እግሯን ከፍታ…»

«የት ተከፍቶ አዩት ጋሼ? ይምጡ፣ እዚህ ይዩት።»

ግቢው ውስጥ ወጣችበት። ጋሽ ማቴዎስ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሩት፣ መረቡን በጣታቸው ሳብ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው የቀሚሷን ጠርዝ ፈለጉ። «ቀሚሱስ ወዴት ገባ?» አሉ። «የትም አልገባም፤ መረቡ ይመልሰዋል» አለች። «ይሄማ መቀመጥ ነው። ሴት ልጅ አትቀመጥ የሚል ቃል አላነበብኩም» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የገዛ ምራታቸው ብስክሌት ግቢያችን ቆሞ አባዬን ሲጠብቅ አየነው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚደገፉት የሴቶች ብስክሌቶች መረብ የሌለበት አይገኝባቸውም ነበር፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ ነጭ፤ ቀለሙን አይቶ ማን እንደመጣችና ማን እንደቀረች ማወቅ ይቻል ነበር። ፓስተሩም ሳይቆጥሩ አይቀሩም።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ስልኬ ገና ሳይጮህ አነሣሁት።

«ተቆረጠብሽ አይደል? ደህና ናት እኮ! ክርኗ ትንሽ ተላጠ እንጂ፣ አጥንቷ ምንም አልሆነም፤ ሐኪም አይቷታል» አለ ታምሩ በአንድ ትንፋሽ። እርጥቡ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን። ተይታ ጉዳዩን ስነግራቸው «ሐምዲላ» ብለው ጀመሩና፣ ወዲያው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ «ቆይ፣ እናትሽ? ብስክሌት? ማጅኑኔ!» እብድ ናት ማለታቸው ነው። ሳቅኩ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ቀሎኝ የሳቅኩበት ቀን አይታወሰኝም።

ታምሩ ግን አልጨረሰም። ባለፈው ፋሲካ እኔ በላክሁት ገንዘብ፣ አሮጌውን ጓዳ ሰቅሎ፣ አዲስ ብስክሌት ገዝቶላት ነበር፤ ማውንቴን የሚሉትን፣ ባለ ብዙ ማርሽ፣ መሪው ቀጥ ያለና ዝቅ ያለ፣ ኮርቻው እንደ በቆሎ ቆረቆንዳ የቀጠነ፣ የጭቃ መከላከያ እንኳ የሌለው። ፎቶውን ሲልክልኝ ለመዋጋት የተዘጋጀ ፍየል መስሎኝ ነበር፤ ግን ደስ ብሎት ስላየሁት ዝም አልኩ። እንግዲህ የቀሚሷ ጠርዝ የገባው እዚያ ባዶ ጎማ ውስጥ ነው። «አዲሱን ቆልፌበታለሁ» አለኝ። «አሮጌውንም ለቁራሌው እሰጠዋለሁ። አንቺ የበኩር ልጅ ነሽ፤ በቃሽ በያት፤ አንቺን ትሰማለች።»

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ጋዝ ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የማይ፣ ወረቀት ስለሌለኝ ፍተሻ ያለበትን መንገድ ዞሬ የምሄድ ሴት ነኝ። አፌ «ቆልፍ» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ግን በፊት እሷን ላናግር አልኩ።

«እኔ ከብስክሌት አልወደቅሁም» አለችኝ ስልኩን እንደያዘች። «ወንድምሽ የገዛልኝ ፈረስ ነው የጣለኝ። እንደ ሌባ አጎንብሼ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ሰው ሰላም ሳልል የማልፍ ሆንኩ እኮ ልጄ!»

«ታዲያ ለምን ነዳሽው?»

«የእናንተ ስጦታ አይደል? አልነዳም ልበል?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጉልበቴ እንደሆነ መሄድ ከተወ ቆየ። ብስክሌት ላይ ስሆን ግን አይሸከመኝም፣ ፔዳሉን ያዞራል እንጂ። የታመሙትን የምጠይቀው፣ ጸሎት የምሄደው በእሱ ነው። እሱን ቆለፋችሁ ማለት እኮ እኔን ቆለፋችሁ ማለት ነው።»

ቤይሩት የገባሁ ሰሞን የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር። «ለአንቺው ደኅንነት ነው» ትለኝ ነበር፣ ደግሞ ከልቧ ይመስለኛል። ያንን በር አስታወስኩና ታምሩን መልሼ ደውዬ «ክፈተው፤ አሮጌውንም አውርድላት» አልኩት።

አወረደው። ጎማውም ፍሬኑም ደህና ነው፤ የጎደለው መረቡ ነው። ብስክሌቱ በተሰቀለበት ወራት የታምሩ ልጆች ቆርጠውት የኳስ ግብ ሠርተውበታል፤ ከግብ የተረፈውንም ዶሮዎቹ ጨርሰውታል። አባዬ ወደ ጌታ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ከዚያ ሥራ የማውቀው ማቃጠሉን ብቻ ነው። ወደ አቡ ሐሰን ወርጄ ለመንኩት፤ «ያላ» ብሎ ቀስ እያለ ቋጠረልኝ፣ በስልኬ ቀረጽኩና ላክሁ። እማዬ አይታ «ጌታ ይባርከው፣ ግን ቋጠሮው የአባትሽ አይደለም» አለች፤ «እሱ ከመቁረጡ በፊት አንድ ነገር ያዞር ነበር፤ እግር ሲገፋው የማይላላው ለዚያ ነው። ምን እንደሚያዞር ግን እኔም አላየሁም፤ መንገዱን ነበር የማየው።»

እሑድ ናባዓ ለጸሎት በተከራየነው አዳራሽ ቆሜ ስለ እናቴ ምስጋና ሰጠሁ፣ እህቶቼም እልል አሉ። እፎይታዬ ሙሉ ነው። የጠፋው ትንሽ ነገር ነው፣ ያኒ፣ ማለቴ አንድ ቋጠሮ። ነገር ግን ያ ቋጠሮ በእሱ እጅ ውስጥ ነበር፣ እኔም እጁ አጠገብ ተቀምጬ የማየው እሳቱን ነበር።

ስለዚህ በዚያ የነበራችሁ፣ ያን ዕለት ጠዋት እናቴን ከመንገድ ያነሣችሁልኝ የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ጌታ ይባርካችሁ፤ ሁለተኛ ስታገኟት ብስክሌቷን አትውሰዱባት፣ ሰላም በሏት፣ ራሷ ትቆማለች። እናንተ ደግሞ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሥር ብስክሌታችሁን ታስደግፉ የነበራችሁ እህቶች፣ ከመካከላችሁ አባዬ ያሰረላት መረብ ዛሬም ያላት ካለች፣ ሰማያዊም ይሁን ነጭ፣ እባካችሁ ወደ እማዬ ግቢ ነድታችሁ ሂዱና ቋጠሮውን ለታምሩ አሳዩት። እሱ ሲያስር የታምሩ ትንሿ ልጅ አጠገቡ ትቀመጥ። ክብሪቱን ለእሷ ስጧት፤ እጇን ግን ጠብቁልኝ።