ዘጠነኛው መስኮት

ልጅ እያለሁ የሰው ቤት መስኮት እቆጥር ነበር። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ዳላስ አጠገብ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ትከርምና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ የገጠር ቤት ታጸዳለች። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ መስኮት መወልወሉ የኔ ሥራ ነው። በናይንቲዎቹ እዚህ ዳላስ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለኛ ቤቢሲተር የሚባል ነገር አልነበረም። እናት የሄደችበት ልጅም ይሄዳል።

ቤቱ ነጭ የእንጨት ቤት ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ይባል ነበር። በሩ መሀል ላይ ነው። ግራና ቀኙ እንደ ሚዛን እኩል፤ ሁለት መስኮት በዚህ፣ ሁለት በዚያ፣ ፎቁ ላይ ደግሞ አምስት በሰልፍ። በረንዳውን አራት ወፋፍራም ዓምዶች ተሸክመውታል። ከፊት በር እስከ ጓሮ በር አንድ ረጅም ኮሪደር ያልፋል፤ ሁለቱም በሮች ሲከፈቱ ያ የቴክሳስ ሙቀት እዚያ ውስጥ ነፋስ ይሆናል። መስታወቱ የድሮ ስለሆነ ውኃ ውኃ ይላል፤ በሱ ስታዩት ግቢው ውስጥ ያለው የፒካን ዛፍ የሚዋኝ ይመስላል። ጠረኑ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የሎሚ ቅባት፣ ናፍታሊን፣ ፀሐይ የበላው እንጨት። አጥሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተመትቷል። ቤቱ ቅርስ ስለሆነ የበር እጀታ እንኳ ያለ ፈቃድ አይቀየርም። ባለቤቷ ሚስስ ዶራ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ከሳቸው በፊት ምርኩዛቸው ነው የሚሰማው።

አንድ ቅዳሜ የፊት ለፊቱን መስኮቶች ከውጭ ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ። ከውስጥ ስወለውል ስምንት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ወረድኩና ቆጠርኩ፣ ያው ዘጠኝ። ፎቅ ላይ በቀኝ ጥግ ያለው፣ አረንጓዴ የእንጨት መዝጊያው ሁልጊዜ የተዘጋው፣ ከውስጥ የለም። በሱ ቦታ ያለው አበባ አበባ ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ነው።

ለእማዬ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና፣ "ለማን ተናገርሽ?" አለችኝ።

"ለማንም።"

"ሁለተኛ የሰው መስኮት እንዳትቆጥሪ! ሰማሽ አንቺ?"

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን ዳር አስይዛ ነገረችኝ። በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሟን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ሰባት ወር ደብቀውት ነበር። የጓዳዋን በር በቁም ሳጥን ጋርደው፣ መስኮቷን ከውጭ ዘግተው። የቀበሌ ጠባቂ አንድ ቀን ከመንገድ ቆሞ መስኮት ቆጠረ፤ ገብቶም ቆጠረ። አንዱ ጎደለበት። አጎቴን በዚያው ወሰዱት፣ አልተመለሰም።

ሶ፣ ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነብን፤ እማዬ ከግድግዳው ኋላ ሰው ተዘግቶበታል ብላ አመነች። ሚስስ ዶራ ሁለት ሳህን አጥበው ካስቀመጡ፣ እማዬ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። ፎቅ ላይ ሬዲዮ ከተከፈተ፣ "ብቻዋን ያለች ሴት ቁልቁል ወርዳ ተቀምጣ ሬዲዮውን ለማን ነው የከፈተችው?" ትለኛለች በጆሮዬ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ እማዬ ከአጠገቡ ካለው መስኮት ተንጠራርታ፣ ከተዘጋው መስኮት ሥር በረንዳው ጣሪያ ላይ፣ በናፕኪን የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ስታስቀምጥ አየኋት። በሳምንቱ ስንመጣ ዳቦው የለም። ናፕኪኑ ተቀዳዷል። እማዬ አማተበች።

ለምን አትጠይቅም ትሉ ይሆናል። አባዬ ያኔ ሱዳን ቀርቶብን ነበር። እሱን ለማስመጣት ለኢሚግሬሽን የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ሚስስ ዶራ ሊፈርሙልን ቃል ገብተዋል፤ ሌላ ፈራሚ አናውቅም። ሴትየዋን ካስቀየምናቸው አባዬ እዚያው ይቀራል። እማዬ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣች። በአራተኛው ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ፣ "ጠይቂያት" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"ውስጥ ማን አለ በያት።"

እንዳለችኝ ጠየቅኩ። ሚስስ ዶራ አልገባቸውም፤ እጃቸውን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋቸውና መስኮቱን አሳየኋቸው። ከት ብለው ሳቁ። የአጎቴን ነገር በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። "ማንም የለም የኔ ልጅ፣ መዝጊያ ብቻ ነው" አሉ።

"ይከፈት በያት" አለች እማዬ።

በሚስማር የተመታ ነው፣ ያለ ቅርስ ቢሮው ፈቃድ አይነካም አሉ። ይህን ስተረጉምላት እማዬ መሬት መሬት እያየች፣ "የገዛ መስኮቷን ለመክፈት ፈቃድ! እንዲህ ነው የሚሉት" አለች። ስለ ደብዳቤው በዚያ ቀን ማንም አላነሳም።

ከወር በላይ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ፒክአፕ ፓርክ አድርጓል። አንድ አናጢና ፋይል የያዘ የቅርስ ቢሮው ሰውዬ ቆመዋል፤ ሚስስ ዶራ ፈቃዱን አስወጥተዋል። አናጢው መሰላል ወጥቶ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ጣሳ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሚስማሩም ቅርስ ነው። እማዬ ጣቶቼ ደም እስኪያጡ እጄን ጨበጠች። መዝጊያው ተከፈተ። ከኋላው መስታወት የለም፣ ክፍል የለም። ነጭ ጣውላ ብቻ፣ ከቀረው ግድግዳ ጋር አንድ የሆነ፣ አንድ የደረቀ የተርብ ጎጆ ተጣብቆበት።

ባለ ፋይሉ አስረዳን። በዚያ በኩል የጭስ ማውጫው ስለሚያልፍ መስኮት ማድረግ አይቻልም ነበር። የቤቱ ፊት በአንድ ወገን እንዳይጎድል ብሎ ግንበኛው መዝጊያ ብቻ ለጠፈ። "ለመልክ?" አለች እማዬ። "ለመልክ ብሎ መስኮት የሚሠራ ሰው አለ?" አናጢው ደግሞ ከላይ ሆኖ፣ እዚህ ጣሪያ ላይ ራኩን የሚሉትን የዱር አውሬ የሚቀልበው ማነው ብሎ ጮኸ። ያንን አልተረጎምኩላትም።

እማዬ አላመነችም። ፎቅ ወጥታ፣ በጎኑ መስኮት በረንዳው ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ጣውላውን አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጠፈች። ብዙ ቆየች። ወርዳ "የለም" አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለወንድሟ ስታለቅስ ያኔ ነው ያየኋት። ሚስስ ዶራ ምርኩዛቸውን ጥለው አጠገቧ ተቀመጡ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ግን ከአጠገቧ አልተነሡም። ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ፈረሙልን። አባዬ በሁለተኛው ዓመት መጣ።

አሁን ከዳላስ ወጣ ብሎ ሳክሲ ነው የምንኖረው። ሰፈሩ አዲስ ነው፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት። በሬ ላይ ካሜራ አለ፣ ማታ ሦስቴ ቁልፍ አያለሁ፣ ልጄን ስኩል ባስ ድረስ በዓይኔ እሸኛታለሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልዋሽም። ቆሻሻ ስናወጣ ሰላም የምንባባል አንዲት ወጣት ባለትዳር ጎረቤት ነበረችን፤ ሦስት ሳምንት ሆነ አላየኋትም። ባሏን ፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኘሁት። ሳልጠይቀው "ደኅና ናት" አለኝ። ልጄ "ማሚ፣ የት ሄደች?" ብትለኝ "አያገባንም" ብዬ መጋረጃውን ሳብኩ።

ዛሬ ጠዋት እማዬን ኮል አድርጌ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና አንኳኪ" አለችኝ።

"ሰውየው ቢቆጣስ?"

"ይቆጣ።"

ከእኔ የባሰች ፈሪ ነበረች እኮ፣ ያኔ። አባዬን የሚያህል የምታጣው ነገር እያላት ነው ያስጠየቀችኝ። እኔ የማጣው ምንድነው? የሰውየው ሰላምታ? ልጄ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች፤ ይህን የምጽፈው ጫማዬን አድርጌ ነው።