ጎርፍ የሚጠብቅ ጉድጓድ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ደሳለኝ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ጎን በዲጂኖ ሊበሳ ሲል ደረስሁበት።

ለእኛ ለወረታ ከተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ ጉድጓዱን ቀድዶ ፍሳሹን ወደ ጎርፉ መልቀቅ፣ ከዚያ «ክረምቱ አጸዳልን» ማለት ነው።

«ምነው፣ መምጠጫ መኪናው ተጠርቶ የለም?» አልሁት።

«እትዬ፣ እሱማ መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ ቀረ። ጎርፉ ግን ጭቃ አይፈራም!» ብሎ ሳቀ። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

ከእኛ በታች ግን ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ያርማሉ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አንድ ክረምት እንዲሁ ሲቀድድ ዝም ብዬ አይቻለሁ። በታች ያለችው ጎረቤታችን በዚያው ክረምት ሴት ልጇን በተቅማጥ ቀበረች። ለለቀስተኛው ውኃ የቀዳሁት እኔ ነበርሁ። ከእኛ ጉድጓድ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጎርፍ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ግን ያቺ ሕፃን ትታየኛለች።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ለደሳለኝ ነገርሁት። ዲጂኖውን አስቀመጠና «ታዲያ አሁን ምን ላድርገው?» አለኝ።

ጉድጓዱ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

እናንተ ሰፈር እንዲህ ሲያጋጥም ምን አደረጋችሁ? ዝናቡ ሳይደርስብን ንገሩን።