ኩፍኝ ደብቁ ያልሁት እኔው ነኝ

በዚህ ሖሽ ውስጥ አራት ቤት እንኖራለን። አንድ አጥር፣ አንድ የውኃ በርሜል፣ አንድ ሽንት ቤት። ከአራቱ ቤት ሴቶች በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ፤ በወሬም እኔ እበልጣለሁ። ልጅ ጡት እምቢ ሲል፣ ጆሮው ሲመግል፣ ሆዱ ሲነፋ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን ምክር ስሰጥ ማንም ፊደል ጠይቆኝ አያውቅም።

ከመተማ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የመጣሁት ለሰሊጥ አጨዳ ነበር፣ ለሁለት ወር ብዬ። ይኸው ሁለቱ ወር አላልቅ ብሎኝ ጥርሴ አለቀ። የልጅ ልጆቼ መተማ ናቸው። እዚህ አብራኝ የምትኖረው የመጨረሻ ልጄ ናት። እዚሁ ስላደገች ስትቆጣኝ በዓረብኛ ነው የምትቆጣኝ። ሥራዋ ሹሩባ ነው፤ ሰርግ ሲኖር ከፋው ከተማ ድረስ ይመጡላታል። ጣቷ ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም።

አምና እግሯ ማበጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ፊቷ። ሆስፒታል ወሰድኋት። ያየችን ዶክተር ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች ሴት ናት። ዓረብኛ አንቱታ የለውም፣ ስለዚህ አንቺ ትለኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ወጣት የሆንሁ ይመስለኛል።

«ሐቦባ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «በሰውነት ውስጥ በሽታ የሚከላከል ዘበኛ አለ። የልጅሽ ዘበኛ ሌባ መጠበቁን ትቶ የቤቱን ባለቤት መደብደብ ጀምሯል። ኩላሊቷን የጎዳው እሱ ነው። አሁን በመድኃኒት እናስተኛዋለን።»

«ተኝቶ ሳለ እውነተኛው ሌባ ቢመጣስ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው። ኩፍኝ ይዟት ያውቃል?»

«ወጥቶላታል! በአምስት ዓመቷ። ያስታመምኋት እኔ ነኝ።»

«ያ ድሮ ነው። ይህን መድኃኒት እየዋጠች የድሮውን ማመን አንችልም።»

«እንግዲያማ ክተቢያት!»

«አልችልም። የኩፍኝ ክትባት ራሱ ኩፍኝ ነው፣ አዳክመውት እንጂ በሕይወት ያለ ነው። ጤነኛውን ሰው አይጎዳም። ዘበኛው የተኛበት ሰው ላይ ግን ደካማውም ሌባ ይሠለጥናል። መከተብ ያለባቸው በዙሪያዋ ያሉት ናቸው። ኩፍኝ ካለበት ሰው ጋር ከዋለች ደግሞ ሽፍታ አትጠብቂ፤ ስድስት ቀን ሳይሞላ ይዘሻት ነይ፤ ከዚያ በኋላ የማይሠራ ውድ መድኃኒት እንፈልግላታለን። እሷን ከያዛት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ሊገድላት ይችላል።»

እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከበሩ ስወጣ ግን በጆሮዬ የቀረው የራሴ ድምፅ ነበር፦ ወጥቶላታል። ኩፍኝ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይመጣል የሚል ሰው በአገራችን ሰምቼ አላውቅም። ለሖሹ ሴቶችም ልጆቻችሁን አስከትቡ አላልሁም።

መድኃኒቱ እብጠቷን ከእግሯ አወረደና ጉንጯን ነፋው። «ሐብሐቤ» እላት ጀመር። «ኸላስ፣ እማ!» ትለኛለች፤ በቃሽ ማለቷ ነው። እኔን ማን ያስበቃኛል?

አሁን ስለ እኔ ትምህርት ልናገር። ልጅ ኩፍኝ ሲይዘው ለሰው አይነገርም። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀላል፣ ፀሐይ አያየውም፣ ገላው አይታጠብም። መርፌማ ጨርሶ! መርፌ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ይመለሳል። እናቴ እንዲህ አስተማረችኝ፤ እኔም እዚህ ሖሽ ለገባች ሙሽራ ሁሉ አስተማርሁ። ያልጠየቀችኝንም አስቀምጬ አስተምራታለሁ።

እሑድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ውጭ ራኩባው ሥር፣ የሣር ዳሱ ጥላ ውስጥ፣ አልጋ አውጥቶ ነው የሚጋደመው። የአንዷ ጎረቤቴ በር ግን ተዘግቷል። ባሏ ለጥጥ ለቀማ ፋው የሄደባት፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ያለቻት ልጅ እግር ናት። መስኮቷን ሳይ ጥቁር ልብስ ተሰቅሎበታል። አራቱን ጫፍ በምስማር፣ ልክ እኔ እንዳሳየኋት።

ወደ ልጄ ዞርሁ።

ልጄ ራኩባው ሥር ሰው ሠራሽ ፀጉር ትፈታለች።

«ሐሙስ የጎረቤታችንን ሹሩባ የት ነው የሠራሽው?»

«ቤቷ ውስጥ። አቧራ ነበር እኮ። ምነው?»

«ሕፃኗስ?»

«ጉንፋን ይዟታል፣ ዓይኗም ቀልቶ ነበር። አልቅሳ ስታስቸግር ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ሠርቼ እስክጨርስ አልተነሣችም። ምን ሆነሻል፣ እማ?»

በጣቴ ቆጠርሁ። ከሐሙስ ወዲህ ስድስት ቀን የሚሞላው ረቡዕ ነው። ልጄን «ቤት ግቢ፣ ማንም እንዳይጠጋሽ» አልኋትና ሄጄ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተኝተናል፣ እማማ።»

«ተኝተሽ ነው የምትመልሺልኝ?»

በሩን ጣት በምታህል ከፈተችው።

«ሕፃኗን ምን ነካት?»

«ጉንፋን ነው።»

«ለጉንፋን መስኮት ሸፈንሽ?»

«ነፋስ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«በገዳሪፍ? እዚህ አገር ነፋስ ከመጣ ሰው ቆሞ ይቀበለዋል እንጂ በር ይዘጋበታል?»

ሳቋ አመለጣት፣ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ለእኔ ኩፍኝ በልጅነቴ ወጥቶልኛል፣ አልፈራም። የሕፃኗን ጆሮ ገልጬ ከኋላው አየሁ፤ ከዚያ አንገቷን፣ ደረቷን። ቀይ ሽፍታ ነው። እንደ እሳት ትፋጃለች።

«መቼ ወጣባት?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ተነሽ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

አልጋው ፊት ቆመች። ያቺ ቀና ብላ ሰው ለማየት የምትፈራ ልጅ እንደ ግንብ ቆመችብኝ።

«አይሆንም! መርፌ ይወጉብኛል። ወደ ውስጥ ይመለሳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ደብቂ፣ አንድ ሰው እንዳይሰማ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ተሳስቻለሁ።»

ይህችን ቃል በዕድሜዬ ተናግሬያት አላውቅም። ባሌ ሲጠብቃት ሲጠብቃት ሳይሰማት ነው የሞተው።

እሷ ግን አላመነችኝም። «አሁን ለልጅዎ ሲሉ ነው» አለችኝ። «ቤቴ ስለገባች ፈርተው ነው እንጂ፣ የኔዋ ብትሞት ምንዎ ነው?»

እውነቷን ነበር፤ ግማሹ እውነት ነበር።

«አዎ፣ ለልጄ ስል ነው» አልኋት። «ይህ በሽታ ኩፍኝ መሆኑን ዶክተሯ በዓይኗ ካላየች ለልጄ ያንን ውድ መድኃኒት አትፈልግላትም። ግን ስሚኝ። እናቴ ስድስት ልጅ ኩፍኝ ሲይዝባት ስድስቱንም ደበቀች። ሁለቱን ቀበረች። እኔ እስከ ዛሬ ስናገር የምቆጥረው የዳንነውን አራታችንን ብቻ ነበር። የሁለቱን ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ይኸው ነገርሁሽ። መርፌ ይዘው ከመጡ መጀመሪያ እኔን ይወጉኛል፣ ከዚያ አይተሽ ትወስኛለሽ።»

ሕፃኗን አቀፈቻት።

በሁለት ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ በሚሉት፣ ሄድን፤ እሷና ሕፃኗ በአንዱ፣ እኔና ልጄ በሌላው። ዶክተሯ ልጄን ለብቻ አስቀምጣ ሕፃኗን አየች። ኩፍኝ ነው አለች። የቫይታሚን ፍሬ ጫፉን ቆርጣ ሕፃኗ አፍ ውስጥ ጨመቀችላት፤ ለዓይኗ ነው፣ እንዳይታወር። መርፌ አልመጣም። ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ለልጄ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው፤ ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ። «ኩፍኝን ያሸነፉ ሰዎችን ዘበኛ እንዋስላታለን» አለችኝ ዶክተሯ።

እጅጌዬን ሰበሰብሁ። «የኔን ቅጂ! ሙሉ ዘበኛ ነው!»

«ያንቺ ደም ቀልድ ይበዛበታል፣ ሐቦባ።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እዚህ የለም።»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ለሌሎች ሆስፒታሎች ደወለች፣ አንዱ ጋ፣ ሌላው ጋ። በመጨረሻ ከሰላ ከተማ ካለ ጓደኛዋ ዘንድ ተገኘ። ማክሰኞ በጠዋት አውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን ይላካል።

ማክሰኞ ፀሐይ ሳትበረታ መናኸሪያው ተገኘሁ። እረፋድ ላይ ይደርሳል የተባለ አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ስምንት ሰዓት፣ የለም። ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል አሉ። ሻይ የምትሸጠው ሴት «ሐጃ፣ ሂጂና ነገ ተመለሺ» አለችኝ። ነገማ ረቡዕ ነው። ነገን ለማን ልተው? እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጎማ ጠጋኞችን ዘር ማንዘር ስረግም ዋልሁ፤ በኋላ ግን ይህን ጎማ የሚጠግነውም ከነሱ አንዱ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ መረቅኋቸው።

አሥር ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ደረሰ። ረዳቱ ሣጥኑን አቅፎ ወረደ፤ ስጠኝ ብለው እምቢ አለ።

«ለዶክተሯ ነው የተባልሁት። አንቺ ማን ነሽ? ውስጡ ምን እንዳለስ ታውቂያለሽ?»

«የሰው ደም ነው» አልሁት፣ ባዶ ድዴን አሳይቼ ፈገግ እያልሁ። «በል አምጣ፣ ሳይርበኝ።»

ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ ወደ ኋላ ተራመደ። ከሩቅ ሆኖ ለዶክተሯ ደወለና «አንዲት አሮጊት…» ሲል ከስልኩ ውስጥ ሳቋ ተሰማ። ስጣት አለችው።

በረክሻ ስሄድ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤው ነበር። በረዶው ቀልጦ ቀሚሴን አራሰው። የረክሻው ሹፌር ስወርድ መቀመጫውን አይቶ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው፤ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

መድኃኒቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጀመረ። ልጄ ጠብታዋን እያየች «የማን ዘበኛ ይሆን፣ እማ?» አለችኝ።

«የአውቶቡስ ሹፌር መሆን አለበት። አረማመዱን አታዪም?»

ሳቀች። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ የያዝሁት ነገር ሁሉ በዓይኔ ሊወጣ መጣ።

መድኃኒቱ ያግዛል እንጂ ዋስ አይሆንም ብላናለች ዶክተሯ፤ አራት ሳምንት ጠብቁ። በየጠዋቱ ከጆሮዋ ኋላ እያየሁ፣ ግንባሯን እየዳሰስሁ ጠበቅሁ። ቀን ቀን ወንበሬን አጥሩ በር ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ ከሞት የሚያንሰው በጥቂት ነው። እኔ መለስሁ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ብርቱካን ይዛ ስትመጣ ብርቱካኑን ተቀበልሁና እሷን መለስኋት። እስካሁን አኩርፋለች፤ ብርቱካኑ ግን ጣፋጭ ነበር።

ከታቢዎቹን ደግሞ እኔው ሄጄ አመጣኋቸው። የአራቱን ቤት ሰው፣ ልጁንም እናቱንም፣ አሰለፍሁ። ጎረቤቴ ተራዋ ሲደርስ ክንዷን ሳትሰጥ ቆመችና «መጀመሪያ እኔን ይወጉኛል ብለው ነበር» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከታቢዋ አንቺ አያስፈልግሽም፣ በልጅነትሽ ይዞሻል ብትለኝም ክንዴን ገልጬ «ቃል ነው፣ ውጊ!» አልኋት። ሳትወድ ሳቀችና ባዶ መርፌ አስጠግታ አስመሰለች። እኔም ሖሹ እስኪናወጥ ጮኽሁ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ «ሐቦባ መርፌ» ነው የሚሉኝ።

አራቱ ሳምንት ሞላ። በልጄ ላይ አንዲት ነጥብ አልወጣችም። የጎረቤቴም ሕፃን ድና ብርጭቆዎቼን ትሰብራለች። ዶክተሯ የልጄን መድኃኒት መቀነስ ጀምራለች፤ ሲያበቃ ጥቂት ወር ቆይተን፣ ደሟን አይተን፣ ያኔ እሷም ትከተባለች ብላኛለች። እስከዚያ ዘበኛው እኔ ነኝ። ወንበሬም ከበሩ አልተነሣም።

ባለፈው ሳምንት ከማዶው ሖሽ አንዲት እናት ተሸፋፍና መጣች። ወንበሬ አጠገብ ሳትደርስ «እዚያው ቁሚ» አልኋት። በሹክሹክታ «እማማ፣ ልጄ ላይ ሽፍታ ወጣበት። የድሮውን ዘዴ ያውቁታል ይሉኛል። ማንም እንዳይሰማ» አለችኝ።

ተነሥቼ መንገዱ መሐል ቆምሁና ረክሻ ጠራሁ። ድምፄን ሰፈሩ ያውቀዋል። ሦስት መጣ።