አመድ የበላው ቸርኬ

አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ። ቤት መቀመጡ ሲያንገሸግሸኝ ሚዛን ተፈሪ መውጫ ላይ ካለው የአጎቴ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። አጎቴ ጎማ ከመጠገኑ ጎን ለጎን ጎማው የሚገባበትን የአሉሚኒየም ቸርኬ ያድሳል። የቴፒና የሸኮ መንገድ ጠጠር ጠርዙን ይበላዋል፣ ጭቃው ያጠቁረዋል። እሱ የድሮውን ቫርኒሽ ያስለቅቅና በብርጭቆ ወረቀት እያረጠበ ይፈትገዋል፤ በመጨረሻ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ትራፓኖ ላይ ባሰረው ጨርቅ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ያወለውለዋል።

የእኔ ሥራ ጭቃ ማጠብ ብቻ ነበር። ትራፓኖውን አስይዘኝ እያልኩ ስነዘንዘው አንድ ቀን መረረው።

"እሺ! ይኼን አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቺ ሥሪው። ካማረ ትራፓኖ ትይዣለሽ። ካላማረ ግን ሁለተኛ እንዳትጨቀጭቂኝ።"

ቸርኬው ልጁን ሊድር ሽር ጉድ የሚል የአንድ ቡና ነጋዴ ነበር።

ፍተጋው ክንድ ይገነጥላል። አመሻሽ ላይ ጥጋጥጉ ውስጥ የቀረው ጥቁረት አልለቅ ሲለኝ ብልጠት መጣብኝ። ቤታችን ብረት ድስት የሚፈተገው በአመድ ነው፤ እንደ መስታወት አድርጌ የማወጣውም እኔ ነኝ። ድስቱም አሉሚኒየም፣ ቸርኬውም አሉሚኒየም! አብረውን የሚሠሩት ወንዶች ይህን አለማወቃቸው እያሳቀኝ ከጎረቤት ምግብ ቤት አመድ ዝቄ መጣሁ፤ በውሃ ለውሼ ቸርኬውን ለቀለቅኩትና እስከ ጠዋት ይራስ ብዬ ሄድኩ። ድስት ላይ አመድ እንደማያድር፣ ፈትገው ወዲያው እንደሚያጥቡት ትዝም አላለኝ።

ጠዋት ሳጥበው ቋቁቻ የወጣበት ፊት መስሎ ጠበቀኝ።

"ኧረ ወጡ አርሯል!" አለ አንዱ ጎሚስታ።

"ቀይ ነበር አልጫ?" አለ ሌላው።

ይሳቁ። ሳቁን እችለዋለሁ። ነጋዴው ሲመጣ ነው ነገሩ የከፋው። አጎቴ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት። አመድ አሳድሬበት ነው።"

ሰውዬው ቸርኬውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ራሴን ደባበሰኝ። "በል ተዋት፣ እንዳትቆጣት" አለው አጎቴን። "ሴት ልጅ ከጓዳ ወጥታ መሞከሯም ትልቅ ነገር ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዱ ሠራተኛ ቸርኬ የሰነጠቀበት ጊዜ ይኸው ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ነበር የሰደበው። ለእኔ ስድብ እንኳ አልተረፈኝም። ይበልጥ ያቃጠለኝ ደግሞ ልክ መሆኑ ነው፦ ከጓዳ የወጣሁት አመዱን ይዤ ነው።

"ሂጂ፣ ለጋሼ ሻይ አምጪላቸው" አለኝ አጎቴ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ያ ልስላሴ ገደለኝ። ሄጄ አመጣሁ፤ አስቀመጥኩም። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞርኩ።

"አጎቴ፣ ተቆጣኝ።"

"ምን?"

"እንደ ሠራተኞችህ ተቆጣኝ!"

 እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"አንቺ ደረቅ! ያላወቁትን መጠየቅ ነውር ነው? የሰው ንብረት ድስትሽ ነው? ከሻካራው ወረቀት ጀምረሽ እንደገና ትፈትጊዋለሽ! ትራፓኖዋን ግን እንዳትነኪያት!"

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ጆሮዬ እየነደደ ሻካራውን ወረቀት ውሃ ውስጥ ነከርኩና ቸርኬው ላይ አጎነበስኩ። ነጋዴው ሻዩን ፉት እያለ፣ "ኧረ አሁንስ አበዛኸው፣ ሕፃን ናት እኮ" ሲል ሰማሁት። ቀና ብዬ አላየሁትም።