ሽማግሌዬን ለመለሱት ሰው ሲራ ስቀዳ

ባለፈው እሁድ ነው... ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ። የምሠራበት ሆቴል በር ተከፈተና ሦስት ሰዎች ገቡ። ከፊት ጋሽ ደምሰው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኋላ አንድ የማላውቀው ሸበላ ጎልማሳ፣ መሃል ላይ ደግሞ የጋሽ ደምሰው ልጅ... እመቤት።

እመቤት ማለት አምና ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ ናት።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ተምሬ፣ አሁን መሐል ሜዳ አስተናጋጅ ሆኛለሁ። ጓሳ ጭላዳ ሊያዩ የሚወጡ እንግዶች እኛ ጋ ስለሚያርፉ ቤቱ ወይን አይጠፋውም። ሀገሬው ግን እስካሁን ሥራዬን የሚጠራው «መጠጥ ቀጂ» ብሎ ነው።

ጋሽ ደምሰውም ያሉት ይሄንኑ ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ ሦስቴም ቆመው ጠይቀው ቆመው ተመለሱ። በመጨረሻ የመጣልኝ መልስ «ለመጠጥ ቀጂ የምሰጣት ልጅ የለችኝም፤ መጠጥ የሚሸት ሰው ቤቴ አይገባም» የሚል ነበር። የሰበካ ጉባኤ ሰው ናቸውና ሽማግሌዎቹም አልተከራከሯቸውም። እመቤት «አባዬን አላስቀይምም» ብላኝ ስልኳን ዘጋች። በዚያው ቀረን።

እና አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ደግሞ እኮ ሰውየው አላወቁኝም! ከየት ያውቁኛል? በእኛ ደንብ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። የመለሱኝ መልኬን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩት ነው።

እመቤት አንገቷን ደፋች። እኔ ሜኑ ዘረጋሁ።

ጎልማሳው የበግ ጥብስ፣ ተጋቢኖና «ጥሩ ወይን» አዘዘ።

«ለጥብሱ ሲራ የሚባለውን ቀይ ወይን ላምጣላችሁ» አልኩ። «የመንዝ በግ ጮማ ነው። ሲራ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፣ ጮማውን ከአፍ ላይ ያነሳዋል።»

«ለሁሉም እሱኑ አድርገው» አለ።

«ለሽሮው ነጩ ይሻላል» አለች እመቤት፣ ቀና ሳትል። «በርበሬ ከደረቅ ቀይ ወይን ጋር አፍ ያቃጥላል። ትንሽ ጣፈጥ ያለውን ነጭ ያምጣልኝ።»

ቃል በቃል የኔ ነው! በእረፍት ቀኔ ሽሮ ቤት ቁጭ ብለን ስቀባጥር የሰማችው። ያኔ የምትስቅብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ጎልማሳው ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ይሄን ከማን ተማርሽ?»

«ሰምቼ ነው።»

በቃ... ከዚያ ሁሉ ነገር የቀረሁት «ሰምቼ ነው» ሆኜ ነው።

ቀዳሁላቸው። ጋሽ ደምሰው ጥብሱን ጎረሱና ሲራውን ፉት አሉ። ዓይናቸው በራ።

«እንዴ! እውነትም ጥብሱን ሌላ አደረገው እኮ! ይሄ ለካ ትልቅ ሙያ ነው። ተባረክ ልጄ!»

ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። እሳቸው የጎልማሳውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«አማቼ እኮ ነው ይሄን ከውጭ የሚያስመጣው። ወይን በለው ውስኪ በለው... አዲስ አበባ መጋዘን ሙሉ አለው። እግዜር ካለ ለጥር እንድራቸዋለን።»

መጠጥ የሚሸት ሰው ቤቴ አይገባም ያሉት ሰውዬ ባለ መጋዘኑን እያስገቡት ነው። ነውሩ መጠጡ አልነበረም ለካ! ተቀጥሬ በሰው ብርጭቆ መቅዳቴ ነበር።

ይሄ ሳያንስ አማቹ «ኮካ አምጣልኝ እስቲ» አለና ሲራውን በኮካ በረዘው። ወይን አስመጪው! ሰው እንደፈለገ ይጠጣ፣ መብቱ ነው... ግን አንጀቴ አረረ።

ልሄድ ስል ጋሽ ደምሰው ክንዴን ያዙኝ። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

መንዝ ውስጥ ይህቺ ጥያቄ መቼም አትቀርም። እመቤት እጇን ከማዕዱ አነሳች።

«የሞላሌው የከበደ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

ብርጭቆው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። አዩኝ። ከዚያ እመቤትን አዩ፣ ነጭ ወይኗን አዩ... ገባቸው። ስማችንን ሽማግሌዎቹ ሦስቴ ነግረዋቸዋል፣ እንዴት ይረሱታል? ይቅርታ እንኳ አልጠበቅኩም። «አንተ ነህ እንዴ?» ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።

«ከበደ... ደህና ሰው ነው» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸውን መልሰው ጥብሱ ላይ ተከሉ።

ምንም የማያውቀው አማች ጣልቃ ገባ። «ወንድሜ፣ ሠርጉ ላይ መጥተህ ብትቀዳልንስ? ለየትኛው ምግብ የቱ እንደሚሆን አንተ ነህ የምታውቀው።»

ጋሽ ደምሰው ቀና ሳይሉ «አዎ... ቤት ድረስ ይምጣና ይቅዳልን» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ! በአስተናጋጅነት የለመደ ምላስ ከዚህ ሌላ ቃል አያውቅም መሰለኝ። ራሴን ጠላሁት።

ሲወጡ እመቤት ዞር አላለችም። ጠረጴዛውን ሳነሳ በኮካ የተበረዘው ሲራ ግማሹ ቀርቷል። የእሷ ብርጭቆ ውስጥ ግን ጠብታ የለም። እሱን ሳጥብ ብዙ ቆየሁ።

መልሱም የመጣልኝ እዚያው ገንዳው ላይ ነው... «እቀዳለሁ ጋሼ፣ ግን ሽማግሌ ይላኩብኝና ቆመው ይጠይቁኝ» ማለት ነበረብኝ።